ሰሜን፣ ስንት ማይል?

ሥራችን በሌሊት ነው፣ መንገዱ መኪና ሲያጣ፤
ክራብትሪ ብሩሽ ይዞ መሰላሉ ላይ ሲወጣ
እኔ ከታች ባልዲ አቅፌ ባትሪ አበራለታለሁ።
የእንግሊዝ ዝናብ ነው፣ ብረት ላይ ሽበት ያበቅላል፤
በዓመት አንዴ ካልተላጨ
ሰሌዳ ጢም አውጥቶ የገዛ ስሙን ይዘነጋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አጥቧል፤
ሊድስን አጥቧል፣ ዶንካስተርን አጥቧል፤
የአንድ እንግዳ እግር ሳያጥብ ስንቱን ከተማ አጥቧል።
የሚሳሳላት ግን አንዲቷን ነው፣ ከፒተርቦሮ ማዶ፣
ሰማያዊ ደረቷ ሰፊ፣ ከአንድ ቃል በቀር ባዶ፦
ሰሜን።

ሌሎቹ ማይላቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤
ሰባ፣ ሃምሳ ሦስት፣ አርባ፣ ጠጋ ሲሏቸው ይሟሽሻል።
ሰሜን ቁጥር የለውም።
ሩቅ ነኝ ብሎ አያስፈራ፣ ቅርብ ነኝ ብሎ አያባብል፤
ቀስቱን ሽቅብ ቀስሮ ደመናውን ያመለክታል።

አንድ የካቲት ሌሊት፣ ውርጭ መሰላሉን ሲነክሰው፣
አንድ ከባድ መኪና አጠገባችን ቆመ።
ፖላንዳዊ ነው፣ ዝቢሼክ፤ ስልኩን እንደ ክስ ወረቀት እያወዛወዘ፦
«ይሄ ሰሜን የምትሉት ከተማ የታባቱ ነው ያለው?
ከለንደን ጀምሮ ስከተለው እንደ ጥላ ይሸሸኛል።
ስልኬ አያውቀውም። ከንቲባው ማነው? ገበያው መቼ ይውላል?»

ክራብትሪ ከላይ ሳይወርድ፣ ውኃ ከክርኑ እየተንጠባጠበ፣
እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጥቂት አሰበ፦
«ድንች ጥብስህ ላይ ሳትጠይቅ የሥጋ መረቅ ካፈሰሱብህ፣
ጢማሙ የአውቶቡስ ሾፌር "የኔ ፍቅር" ብሎ ከጠራህ፣
ደርሰሃል። እስከዚያው ንዳ።»

ዝቢሼክ ሳቀ፤ የራሱንም ጨመረልን፦
ፈረንሳይ ውስጥ፣ በአንዲት ሚጢጢ ከተማ አደባባይ፣
«ሁሉም አቅጣጫ» ይላል አንዱ ሰሌዳ፣ ወደ ግራ፤
ከሥሩ ደግሞ ሌላው፣ ወደ ቀኝ፦ «ሌሎች አቅጣጫዎች»።
«ሁሉም ወደዚያ ከሄደ ምን ተርፎ ነው ሌላ?
ሦስቴ ዞርኩ። በአራተኛው ዳቦ ጋጋሪዋ ከሱቋ ወጥታ
እንደ ዘመድ እጇን አወዛወዘችልኝ።»
ሄደ። የኋላ መብራቱ ጭጋጉ ውስጥ እንደ ፍም ከሰለ።

በመከር፣ ሻይ የምንጠጣበት ማረፊያ ድረስ ፈልጎን መጣ።
«ክራብትሪ! ወዘርቢ ላይ መረቁን አፈሰሱብኝ፣ ደረስኩ አልኩ፤
የቁርስ ቤቷ ሴት ሳቀችብኝ፦ "ይሄማ መሃል ነው፣ ሰሜን ኒውካስል!"
ኒውካስል ስኮትላንድ ነው አለኝ፤
ኤድንብራ ወደ ኢንቨርነስ፣ ኢንቨርነስ ወደ ተራራው፤
ማንም ሰሜን ነኝ አይልም፣
ሁሉም እንደ ዕዳ ለጎረቤቱ ያስተላልፈዋል።
መጨረሻ ላይ አስፋልቱ ሊያልቅ፣ ባሕር ባሕር ሊሸተኝ
የአውራጃው ስም ብቻውን ቆሞ ጠበቀኝ፦
ሰዘርላንድ።
አንድ ፖስታ አዳይ ትርጉሙን ብጠይቀው
"የደቡብ ምድር" አለኝ።»

ክራብትሪ ኩባያውን አስቀመጠ።
«የደቡብ?»
«የደቡብ! ስሙን ያወጡት በመርከብ የመጡ ሰዎች ናቸው አሉ፣ ከባሕሩ ማዶ፤
ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ በረዶ፣
ለነሱ የታችኛው አገር ነበር።»
ሻዩ እስኪበርድ ማንም አልተናገረ።

በፋሲካ ሰሞን ክራብትሪ ጡረታ ወጣ።
በመጨረሻዋ ሌሊት መሰላሉን እሱ ያዘልኝ።
ከላይ ሳየው ፊደሉ ከክንዴ ይረዝማል፤
ጀርባው ግን ግራጫ፣ አንዲት ቃል ያልተጻፈበት፣
በብሎኖቹ መሃል የወፍ ጎጆ፣ ላባና የሲጋራ ወረቀት።
ለሚኖርበት ሰው ማን ይጽፋል?

«ምን ይታይሃል?» አለ ከታች።
«ጨለማ። አንድ መብራት፤ የዳቦ ፋብሪካ መሰለኝ።»
«እንግዲያው እጅህን አትፍታ።
የመጨረሻዋን ፊደል ጥግ ደህና አድርገህ ፈትግ፤
ሽበቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»